ትንሿ መኪና በጠባብ ሳሎን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ቤት ውስጥ ስለሚሽቀዳደሙ ትንንሽ የሪሞት መኪኖች ናቸው። ጠያቂዎቻችን መሀል ከተማ የሚኖሩ፣ ግቢም ትርፍ ገንዘብም የሌላቸው ሰዎች ስለሆኑ መልሱን በዚያው ልክ ሰፍተነዋል። የውጭ ዕቃ ዋጋ በዶላር የጻፍነው ምንዛሪው መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ስለማይጠብቀን ነው። ዋጋው ግምት ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ አልተጨመረበትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ የሚሽቀዳደሙ መዳፍ የሚያክሉ መኪኖች በቪዲዮ አይቼ ልቤ ተሰቅሏል። ሱቅ ገብቼ «ሪሞት መኪና» ስል ግን የሚያወጡልኝ የሕፃን መጫወቻ ነው። ልዩነቱን በምን ልወቅ? በስንትስ ይጀመራል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልዩነቱን ከሱቁ ሳትወጣ ታውቀዋለህ። ባትሪ አስገብተው እንዲያበሩልህ ጠይቅና የሪሞቱን መሪ በጣም በዝግታ አዙረው። ሩብ ስታዞር የፊት ጎማዎቹ ሩብ፣ ግማሽ ስታዞር ግማሽ ከታጠፉ መኪናው ለውድድር ይሆናል። ገና ነካ ስታደርገው እስከ ጥጉ ተወርውሮ የሚታጠፍ ከሆነ መጫወቻ ነው፤ የቦዲው ማማር አያታልልህ። በጣት የሚሳበውን የፍጥነቱን ምላጭም እንደዚሁ ፈትነው። በስሱ ስትስበው መኪናው እንደ ኤሊ መንፏቀቅ አለበት እንጂ ዘሎ መነሣት የለበትም።

ቀጥሎ ሳጥኑን አንብብ። 27 ወይም 40 ሜጋኸርዝ የሚል ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ሁለት መኪኖች አንድ ክፍል ውስጥ ሲነዱ ሪሞቶቹ ይደባለቃሉ። አንተ ስትስብ የጓደኛህ መኪና ሊነሣ ይችላል። 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሪሞት ከራሱ መኪና ጋር ስለሚጣመር ብዙ ሆናችሁም መንዳት ትችላላችሁ። ሦስተኛው ፈተና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ መለዋወጫ። የዚያን መኪና የፊት መሪ ክንድ ለብቻው የሚሸጥ ከሌለ፣ መኪናው ያንተ የሚሆነው የመጀመሪያውን ግድግዳ እስኪመታ ድረስ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ የተለመደው መጠን 1/28 ነው። አራት ሜትር ተኩል የምትረዝም የቤት መኪና ለ28 ስትካፈል 16 ሴንቲሜትር ትሆናለች፤ ከእስክሪብቶ እምብዛም አትበልጥም። የዚህ መጠን አውራ የጃፓኑ ኪዮሾ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያመርተው ሚኒ ዚ ነው። በአራት ቀጫጭን የቲቪ ሪሞት ድንጋይ ይሄዳል፤ አያያዙም የሚያስቀና ነው። ሙሉው ስብስብ ግን 200 ዶላር አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ በእርሱ ጀምር አንልህም። የምንመክርህ የቻይናውን ደብሊው ኤል ቶይስ ኬ969 ወይም ወንድሙን ኬ989ን ነው። አራቱም ጎማ ይነዳል፣ 7.4 ቮልት 400 ሚሊአምፒር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አለው፣ ዋጋውም ከ50 እስከ 60 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ሁለት ትርፍ ባትሪ 15 ዶላር፣ ሁለት ሙሉ ለስላሳ ጎማ 10 ዶላር፣ ሁለት ጥንድ የፊት መሪ ክንድ፣ አንድ ጥንድ የጎማ መንጃ ዘንግ፣ ሁለት የሞተር ማርሽና አንድ ትርፍ ሞተር በድምሩ 15 ዶላር ጨምርበት። ከ100 ዶላር አይበልጥም።

መለዋወጫውን ከመኪናው ጋር በአንድ ትእዛዝ አስመጣ። የሁለት ዶላር ክንድ ለብቻዋ ስትላክ ማጓጓዣዋ ይበልጣታል፣ አንተም ክንዷ እስክትመጣልህ ባዶ ሪሞት ይዘህ ትቀመጣለህ። ጎማው ሲደርስህ በጥፍርህ ጫን በለው። ጥፍርህ የማይሰርግ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ የተሠራው ለመንሸራተት ነው፤ ትርዒት ያምርበታል፣ ውድድር ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እወቅ። በእነዚህ መኪኖች የመሪው ሰርቮ (የፊት ጎማዎቹን የሚያጥፈው ትንሽ ሞተር) ባለ አምስት ሽቦ ነው፤ መቆጣጠሪያው ከመቀበያው ሰሌዳ ጋር ተጣምሮ ተሠርቷል። ሰርቮው ሲሞት ሌላ ቦታ የሚሸጠውን ባለ ሦስት ሽቦ ገዝተህ ብትመጣ አይገጥምም፤ የራሱን ባለ አምስት ሽቦ ፈልግ።

ቦታህ ከምግብ ጠረጴዛ የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ቱርቦ ሬሲንግ የሚባል 1/76 አለ። ስድስት ሴንቲሜትር ናት፣ መሪዋም ምላጯም እውነተኛ ነው፣ ዋጋዋ ከ30 እስከ 40 ዶላር። ችግሯ ስትሰበር ለመጠገን የሰዓት ሠሪ እጅ መፈለጓ ነው።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሳሎናችን ሴራሚክ ስለሆነ መኪናዋ እንደ ሳሙና ትንሸራተታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ዘርግተን ማታ የምናነሣው ትራክ በርካሽ እንዴት ይሠራል? ባለቤቴ «ግድግዳውን እንዳታቆሽሹ» ብላለች። (ከልደታ)

መልስ፦ ከዚህ ሁሉ ጨዋታ ገንዘብ የሚገባው ወለሉ ላይ ነው። ደህና መኪና በመጥፎ ወለል ላይ ከሚሮጥ ርካሽ መኪና በደህና ወለል ላይ ቢሮጥ ይሻላል።

የሚሻለው ሕፃናት የሚጫወቱበት ተገጣጣሚ የፎም ምንጣፍ ነው፤ 60 በ60 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ። ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በመካከሉ ፊደል ወይም ቁጥር ተቆርጦ የገባበትን አይግዙ፤ ፊደሉ ይነሣና መኪናዋን ያነጥራታል። ሁሉንም ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ይግዙ፤ ከሌላ ፋብሪካ የመጣው ጥርሱ በአንድ ሚሊሜትር ይለያይና መጋጠሚያው ላይ ጉብታ ይሠራል።

30 ምንጣፍ አምስት በስድስት ሲገጠም 3 ሜትር በ3.60 ይሆናል። ሶፋው ወደ ጥግ ከተገፋ ብዙ ሳሎን ይችለዋል። ለትራኩ ግድግዳ ከመርካቶ የቧንቧ ዕቃ ሱቆች የአንድ ኢንች የውሃ ጎማ 25 ሜትር ይግዙ። ውጩ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን ከመኪናዋ ጎማ መሀል ከፍ ይላል። ከዚያ የሚያንስ ከሆነ መኪናዋ ትወጣበታለች፤ ቁመቱ ዋናው ነገር ነው። ሞራሌ እንጨት የሚጠቀሙ አሉ። አይጠሉም፣ ግን እንጨት አይሰጥም፣ ጉዳቱን የሚቀበለው የመሪው ክንድ ነው። ጎማው ሲመታ ይለመጣል።

አሁን ቅርጹን እንሥራ። መጀመሪያ ዙሪያውን በጎማ ይክበቡት፤ 13.20 ሜትር ይፈጃል። ቀጥሎ በመካከሉ የ«ሀ» ፊደልን በጎማ ይሥሩ፤ ወርዱ 1.50፣ ቁመቱ 2.10 ሜትር። «ሀ»ው ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከታችና ከላይ ከዙሪያው ግድግዳ 75 ሴንቲሜትር ይራቅ። በመጨረሻም ከላይኛው ግድግዳ አጋማሽ ተነሥቶ ወደ «ሀ»ው ሆድ የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ 2.10 ሜትር ጎማ ያስገቡ፤ የ«ሀ»ውን ወለል ሳይነካ 75 ሴንቲሜትር ሲቀረው ይቁም። መኪናዋ በግራ ትወጣለች፣ በላይ ታጥፋ ወደ «ሀ»ው ሆድ ትገባለች፣ የቆመውን ጎማ በታች ዞራ ትወጣለች፣ በቀኝ ወርዳ በታች ትመለሳለች። መስመሩ ሁሉ 75 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ለመቅደም ይበቃል። አንድ ዙር ማዕዘን ለማዕዘን እየቆረጡ 13 ሜትር አካባቢ ነው። ጀማሪ በ8 ሰከንድ፣ የለመደ ሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ይጨርሰዋል። የጎማው ድምር 21 ሜትር ስለሆነ ከ25ቱ የሚተርፈው ለመታጠፊያ ማለስለሻ ይሆናል።

ጎማው ጥቅልል ሆኖ ስለሚሸጥ አልቃና ይላል። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ዘርግተው ከዚያ ቀና ያድርጉት። ምንጣፉ ላይ የሚይዘው በየ40 ሴንቲሜትሩ ሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ ቴፕ ነው። ባለቤትዎ የፈሩት የግድግዳ ጥቁር ምልክት የሚመጣው ከትራኩ ከምታመልጥ መኪና ስለሆነ፣ በረጅሙ መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ትራስ ያቁሙ።

የመኪናዋ ሳጥን ላይ የተጻፈው 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሰላ በሰከንድ ከ8 ሜትር ይበልጣል። የእርስዎ ሳሎን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ሪሞቱ ላይ ፍጥነት መቀነሻ ከሌለ ከላጲስ የስድስት ሚሊሜትር ቁራጭ ቆርጠው ከምላጩ በስተጀርባ ይለጥፉ፤ ምላጩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ልጆች ሲለምዱ ላጲሱን በየሳምንቱ ማሳጠር ነው።

ሞኬት ቢኖርዎትስ? አጭር ጸጉር ያለው ይሆናል፤ ረጅም ጸጉር ያለው ግን መኪናዋን ይበላታል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፍጥነቷ ግማሽ ሆነ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሞተሯ እጅ ያቃጥላል። ሞተር ልግዛ? (ከአብነት)

መልስ፦ ገና አትግዛ። ባትሪውን አውጣና መኪናዋን አንሥተህ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ግፋ። ከሌሎቹ ከብዶ የሚቆመውን ታገኘዋለህ። ያንን ጎማ ፍታውና ከኋላው ያለውን ዘንግ በመብራት ተመልከት። እንዝርት ላይ እንደተጠቀለለ ፈትል ሆኖ የጠበቀ ጥቁርና ግራጫ ነገር ታያለህ፤ የሰው ፀጉርና የምንጣፍ ክር ነው። ኩሽኔታውና ጎማው መካከል ገብቶ እንደ ፍሬን ይዞታል። በጣት አይወጣም። በጢም ምላጭ ጫፍ ከዘንጉ ጋር ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ሰንጥቀው፣ ከዚያ በወረንጦ ያዝና ሳብ፤ ባንዴ እንደ ቀለበት ተፈልቅቆ ይወጣል። አራቱንም ጎማ እንዲሁ አድርግ። ሞተሩ ወደ ማርሹ የሚገባበትን ዘንግ አትርሳ።

ካጸዳህ በኋላ በየኩሽኔታው በመርፌ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል። ሁለተኛ ጠብታ አቧራ መጋበዝ ነው። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ግራሶም ለዚህ ትንሽ ኩሽኔታ ይከብዳል።

ሞተሩ ሳይያዝ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ዕረፍት አልሰጠኸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሳስቶ የሚነፍስ አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድም። በአንድና በሌላው ባትሪ መካከል 10 ደቂቃ አሳርፈው። ጣትህን ሞተሩ ላይ ለሦስት ሰከንድ ማስቀመጥ ካልቻልክ ገና አልበረደም።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትሄድ ከሆነ የተሰነጠቀው ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ፕላስቲክ ማርሽ ነው። ዘንጉ ውስጡ ባዶውን ይሽከረከራል። ሱፐር ግሉ አይይዘውም፤ ለዚህ ነው ሁለት ማርሽ ቀድሞ መግዛት የሚያስፈልገው።

ብሎን ስትመልስ አንድ ዘዴ አለ። ካቻቢቴውን መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለህ አዙር፤ ብሎኑ «ጠቅ» ብሎ በአሮጌው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማሃል። ከዚያ በኋላ ብቻ አጥብቅ። በግዴለሽነት አዲስ ጥርስ እየቆረጥህ የምታስገባ ከሆነ በአራተኛው ፍታታ ፕላስቲኩ ይላላል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ መኪናውን ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ላይ ትቶት አደረና ባትሪው እንደ ትራስ አበጠ። አሁንም ይሠራል ይለኛል። ልቤ ፈርቷል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ ማድረግ ይቸግራል። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ባትሪ ይዞልኝ መምጣት ይችላል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እናታችን፣ ፍርሃትዎ ልክ ነው። ያ ባትሪ ከአሁን በኋላ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጨመቅም፣ በመርፌም አይወጋም። ያበጠው ውስጡ ጋዝ ስለተፈጠረ ነው። ከቤት አውጥተው ደረቅ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት። አንድ አዋቂ ባለበት፣ እዚያው ደጅ፣ የመኪና 12 ቮልት 5 ዋት የፓርኪንግ አምፖል ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር ይገናኝና መብራቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይቆይ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ባዶ የሆነ ባትሪ ጉልበት ስለሌለው አደጋው ይቀንሳል።

ለሚቀጥለው ባትሪ ለልጁ ሦስት ነገር ያስተምሩት። አንደኛ፣ ሰው ተኝቶ ወይም ቤት ባዶ ሆኖ ቻርጅ አይደረግም። ሁለተኛ፣ ባትሪው ከመኪናው ወጥቶ ሸክላ ላይ ይቀመጥ፤ የተሰበረ ምጣድ ቁራጭ ከምንም ይሻላል፣ ሶፋና አልጋ ላይ ግን በፍጹም። ሦስተኛ፣ መኪናው መድከም ሲጀምር ማቆም ነው። ስልኩ ላይ የ7 ደቂቃ ደወል ይሙላ፤ ባትሪው 10 ደቂቃ ያህል ስለሚሄድ በ7 ሲቆም ዕድሜው ይረዝማል።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ይህ ሊፖ ባትሪ በሁለት ክፍል የተሠራ ስለሆነ ሲሞላ 8.4 ቮልት፣ ሊቀመጥ ሲል 7.6 ቮልት አካባቢ፣ ከ6.6 በታች ግን መውረድ የለበትም። ይህን በማንኛውም ኤሌክትሪሺያን ቴስተር መለካት ይቻላል። ሞልቶ ለሳምንታት የተቀመጠ ባትሪም ያብጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመብራቱ ነገር ቀላል ነው። የዚህ መኪና ቻርጀር በዩኤስቢ ስለሚሠራ ፓወር ባንክ ይበቃዋል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባትሪዋ ደግሞ 2.96 ዋት ሰዓት ናት። በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ስምንት ጊዜ ያህል ይሞላታል።

ወንድምዎ ይዞ መምጣት ይችላል፣ ግን በእጅ ሻንጣው። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካርጎ በሚገባው ሻንጣ አይፈቀድም፤ በእጅ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ስለሆነ የእርስዎ ከመጠኑ እጅግ በታች ነው። የባትሪውን ጫፎች በናስትሮ ይሸፍናቸውና እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ከረጢት ያድርጋቸው። ብቻውን የታሸገ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተከለከለ ነው በፖስታ ማዘዝ የሚያስቸግረው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ያገለገለ ሚኒ ዚ ላከልኝ። የፎም ምንጣፍ ላይ ከመታጠፊያ ስወጣ ጅራቷ ይዞራል። አዲስ ጎማ ሳደርግላት ደግሞ መታጠፊያው ላይ ትገለበጣለች። ባትሪው ላይ 2,000 ሚሊአምፒር ተጽፏል፣ ቶሎ ይደክማል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከባትሪው እንጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ውሸት ነው። በዚያ ቀጭን ድንጋይ ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ባትሪ ከ1,100 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ጥሩዎቹ 750 ወይም 800 ብለው በታማኝነት ይጽፋሉ። 2,000 የሚል ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። አራቱንም አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን የተገዙ አድርጋቸው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ሦስቱን ይጎትታቸዋል። ተራው የሚጣለው ድንጋይ ደግሞ ምላጩን ስትስብ ቮልቴጁ ስለሚወድቅ ለውድድር አይሆንም።

የጅራቱ መዞርና የመገልበጡ ነገር አንድ ሥር አለው። የኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና የኋላው ጎማ ከፊቱ የበለጠ መያዝ አለበት። የኪዮሾ ጎማዎች ላይ 20፣ 30፣ 40 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ለስላሳ ነው። ከኋላ 20 ወይም 30፣ ከፊት 40 አድርግ። አራቱንም ለስላሳ ስታደርግ የፊቱ አጥብቆ ይይዝና መኪናዋ ወደ ውጪ ትወድቃለች።

ጎማ ከመቀየርህ በፊት ግን ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። በበጋ የመሀል ከተማ አቧራ በየሰዓቱ ነው የሚገባው። ጎማውን የምታጸዳው ፕላስተር ጣትህ ላይ ገልብጠህ ጠቅልለህ ጎማውን እያንከባለልክ ነው። በላምባ ወይም በቤንዚን እንዳትነካው፤ ላስቲኩ ያብጥና ከቸርኬው ይወጣል።

ከዚያም ጎማውን አጣብቀው። ያልተጣበቀ ጎማ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ጫፍ ይነሣል፣ መያዝና መልቀቅ ሲፈራረቅ መኪናዋ ትዘላለች። የጎማውን ከንፈር በጥርስ እንጨት ገልብጥ፣ ዙሪያውን በአራት ቦታ የመርፌ ጫፍ ያህል ሱፐር ግሉ አስነካ፣ ከንፈሩን መልስና 10 ደቂቃ ተወው። አንተ ስትቸኩል የሚፈሰው ሙጫ የጎማውን ፊት ካገኘው ያ ጎማ አለቀ።

አሁንም የምትገለበጥ ከሆነ ያንኑ ሱፐር ግሉ በሌላ መንገድ ተጠቀምበት። የፊት ጎማዎቹን ውጫዊ ጎን ብቻ፣ መሬት ከሚነካው ፊት ሁለት ሚሊሜትር ወደ ጎኑ፣ በስሱ ቀባው። ሲደርቅ ጎኑ ጠንካራ ይሆናል። መኪናዋ ስታዘነብል ጎኑ መሬት ነክቶ መያዙን ትቶ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አትገለበጥም። በርካሽ ሙጫ የሚፈታ ችግር ላይ 20 ዶላር ጎማ አትጨርስ።

ጥያቄ፦ በነዳጅ የሚሠራው አይሻልም? ድምፁ ደስ ይላል። (ከለገሃር)

መልስ፦ ቤት ውስጥ አይሻልም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ደጅም ቢሆን በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ካርቡሬተሩም እንደገና መስተካከል አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት ግን በከፍታ አይቀንስም።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ኬ969 ገዝተናል። የሰፈራችን ዕድር አዳራሹን እሑድ ከሰዓት ሊለቅልን ተስማምቷል። ባለፈው ሞክረን ግን በዙር ቆጠራ ተጣልተን ተለያየን። የሰዓት መሣሪያ ሳንገዛ እንዴት እንሽቀዳደም? አዳራሹ ሊሾ ነው። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሊሾው። በደረቅ መጥረጊያ ስትጠርጉት አቧራውን ከወዲያ ወደዚህ ነው የምታዛውሩት። እርጥብ ሰጋቱራ በትናችሁ ጥረጉት፤ ሰጋቱራው አቧራውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያም ለልደታው አንባቢ የጻፍነውን ምንጣፍ ዘርጉበት፤ ራቁት ሊሾ ጎማ እንደ ሞረድ ይበላል።

ሁላችሁም አንድ ዓይነት መኪና መግዛታችሁ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ አታበላሹት። ሞተሩ ሳጥን ውስጥ የመጣው፣ ጎማው አንድ ዓይነት፣ ባትሪው 400 ይሁን ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ። አንድ ሰው ብቻ ኃይለኛ ሞተር ካስመጣ በሚቀጥለው ወር አምስታችሁም ታስመጣላችሁ፣ ፍጥነቱ ግን ትራኩ ላይ አይገባም።

በአንድ ጊዜ ሁለት መኪና ብቻ አስሩጡ። ሁለት ይነዳሉ፣ ሁለት ይቆጥራሉ፣ አንዱ የተገለበጠውን ያነሣል። አምስት ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ሲጋጠም 10 ግጥሚያ ይወጣል። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ሆኖ ለመዘጋጃ 3 ደቂቃ ቢጨመር በ80 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ ሰው አራት ጊዜ ማለትም 20 ደቂቃ ስለሚነዳ ለየግጥሚያው አንድ፣ በድምሩ አራት ባትሪ ሞልቶ ይምጣ። ከአራቱ ውጤት ደካማው ይጣል፣ ሦስቱ ይደመሩ።

ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን አይነሡ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይጋጫሉ። አንዱ ከትራኩ በአንድ ወገን፣ ሌላው በተቃራኒው ወገን ግማሽ ዙር ተራርቀው ይነሡ። የእያንዳንዱ መስመር የተነሣበት ነው፣ ቆጣሪውም እዚያው መስመር ፊት ለፊት ይቀመጥ።

ጠባችሁን የሚፈታው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ የዙር ቁልፍ አለው። ቆጣሪው መኪናው መስመሩን ባለፈ ቁጥር ይጫነዋል፤ ስልኩ ዙሩንም ሰዓቱንም ይመዘግባል። አንድ ዙር ካመለጠው ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። 7፣ 7፣ 6፣ 7 እያለ ሲሄድ ድንገት 14 ካየ አንድ ጊዜ ሳይጫን ቀርቷል፣ አንድ ዙር ይጨመርለታል። ቆጣሪው እየነዳ ያለውን ጓደኛውን ማየት ትቶ መስመሩን ብቻ ይይ፤ የሚያመልጠው ሲያወራ ነው።

5 ደቂቃው ሲደወል ማንም ወዲያው አይቁም፤ ሁለቱም የጀመሩትን ዙር ይጨርሱ። ውጤቱ በዙርና በሰዓት ይጻፍ። 42 ዙር በ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ የጨረሰ፣ 42 ዙር በ5 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ የጨረሰውን ይበልጠዋል።

የአንሺው ሥራ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። መኪናውን ወደ ፊት አይወረውርም፤ የተገለበጠበት ቦታ ላይ፣ አቅጣጫው ወደ መንገዱ ሆኖ፣ ሌላው መኪና ካለፈ በኋላ ያስቀምጠዋል። ከኋላ ገጭቶ የቀደመ ሰው ቆሞ የተገጨውን ያሳልፋል፤ ካላሳለፈ ቆጣሪው አንድ ዙር ይቀንስበታል። ነጂዎች ከአንድ ወገን ወንበር ላይ ይቁሙ፣ ከቦታቸውም አይንቀሳቀሱ። መኪናውን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው ከመኪናው ይልቅ የጎማውን ግድግዳ ይረግጣል።